እመቤትን ማን መረዛት?

አንጥረኛው ድመቱን እመቤት ብሎ የሰየማት፣ ንጉሥ ቢጠራት እንኳ ከመከዳዋ ስለማትወርድ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሱቁን ዕቃ ጠቅልሎ መኝታ ክፍሉ አስገብቶታል። እሱ ሲሠራ እሷ ምድጃው አጠገብ ትተኛለች፤ ሲመሽ ሁለቱም እዚያው ያድራሉ። በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያነጋግረው ነፍስ የለም።

አንድ ጠዋት እመቤት ልትነሳ ስትል እግሯ ከዳትና ወደቀች። ከአፏ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል።

ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት አላለም። ስልኩን አወጣና የድመቷን ሁኔታ ጻፈለት። ስልኩ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ነው አለው፤ ቀጥሎ ኩላሊት ነው አለው፤ ቀጥሎ ጥርሷን አሟት ይሆናል ብሎ ቀለደበት። የሚቀጥለው ላይ ሲደርስ ግን ደሙ ፈላ። መርዝ ሊሆን ይችላል ይላል፤ የሚያበላውም ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው ነው። ጽሑፉ ወደ ታች ይቀጥል ነበር፤ እሱ ግን የሚፈልገውን አግኝቷል።

የቅርብ ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የወንድሙ ሚስት ግቢው ማዶ ለሠራተኞች ምሳ ትሸጣለች። በቀደም እመቤት ድስቷ ውስጥ አፍንጫዋን ብትከትባት፣ ጭልፋ ይዛ ግቢውን ሙሉ አባራታለች። ከዱቄቱ መደርደሪያ ሥር የአይጥ መርዝ እንደምታስቀምጥም በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

«ለድመቴ ምን ሰጠሻት?» ብሎ አፈጠጠባት።

«እኔ? ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣኝ! ማባረሩን አባርሬያታለሁ፤ መርዝ ግን እንዴት ብዬ? ይልቅ ሐኪም ያሳይዋት። ቤት ድረስ የሚመጣ አለ፤ ልጥራልዎት?»

«ሐኪምሽን ለራስሽ! ሁለተኛ ደጄ እንዳላይሽ!»

ግቢው ሁሉ ጉድ አለ። አንጥረኛው ዝንብ እንኳ የማይገድል፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው እንዲህ በትንሽ በትልቁ የሚነድደው። ሐዘኑ ነው አሉለት።

ከዚያ ወዲያ እመቤትን ከክፍሉ አላስወጣትም። በመስኮቱ በኩል የሆነ ነገር እንዳይወረወርላት መዝጊያውን በሚስማር መታው፣ ክፍተቱን በጨርቅ ጠቀጠቀው። ለሥራውም ተመቸው፤ ወርቅ ሲለብጥ ነፋስ እሳቱን ያዛባበታል። ወርቁን ብር በሚመስለው ፈሳሽ፣ ሜርኩሪ በሚሉት ባዚቃ፣ ለውሶ ይቀባና ዕቃውን ፍም ላይ ያገላብጠዋል፤ ባዚቃው ተንኖ ሲያልቅ ወርቁ ይቀራል። አባቱ ሜዳ ላይ ዳስ ጥሎ ይሠራው የነበረውን እሱ አልጋው ሥር ሆኖ ይሠራዋል። የሠርግ ወቅት ስለሆነ ትእዛዙ ብዙ ነው።

የወንድሙ ሚስት ስድቡን ዋጥ አድርጋ እንደ ልማዷ ምሳ ላከችለት። አንዴ ቀመሰና ተፋው። ብረት ብረት ይላል። አፉን በውሃ ቢጉመጠመጥ ውሃውም ብረት ብረት አለው።

«እኔንም ልትደግመኝ ነው!» አለ። ስልኩን ጠየቀው፤ ስልኩም አላሳፈረውም፣ ሊሆን ይችላል አለው።

ቂሙን ቋጥሮ ቀጥ ብሎ ጤና ቁጥጥር ቢሮ ሄደ። ሴትዮዋ ምሳው ውስጥ የአይጥ መርዝ ትጨምራለች ብሎ ከሰሳት። ፈርም ሲሉት እስክሪብቶው እጁ ላይ አልረጋ አለ።

«ይረጋጉ፣ አባት» አለችው ጸሐፊዋ።

«ንዴት ነው፣ ልጄ። ንዴት!»

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፤ ከዱቄቱ ሥር ያለውን መርዝ አወጡ፤ በሩን አሸጉት። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ትናንት ወንበር ይሻሙ የነበሩት ደንበኞች ደጇ ሲደርሱ መንገድ መሻገር ጀመሩ። እሷ ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወንድሙ እግሩ ላይ ወደቀ።

«የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋኸው እኮ፣ ወንድም ዓለም!»

«የኔን እመቤት ጉሮሮ ማን አሰበላት?»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላየም። ፍሙን ቆሰቆሰ፣ ድመቷን እንዳይበርዳት ወደ ምድጃው አስጠጋት፣ እያፏጨ ሥራውን ቀጠለ።

እመቤት ግን አልዳነችም። ስልኩ ያዘዘላትን ወተት አቀረበላት፣ አላየችውም፤ ዘይት ጋታት፣ አስመለሳት። ተንኮለኛ መርዝ ነው፣ ውስጥ ገብቶ የሚቆይ፣ አለ። ብትሞት ያቺን ምግብ ቤት ከነድስቷ እንደሚያነድዳት በሚስቱ አጥንት ማለ። ክብሪቱንም ኪሱ ከተተ።

በሩ ሲንኳኳ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ቆሟል። የእንስሳት ሐኪም ነው።

«ማን ላከህ?»

«የወንድምዎ ሚስት። ድመቷ እንዳትሞትበት ብላ ለምናኝ ነው።»

«መርዛት ስታበቃ! ግባ፤ መርዝ መሆኑን ብቻ በአፍህ በልልኝ፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ።»

ሐኪሙ እመቤትን አቅፎ ዓይኗን አየ፣ ድዷን ገልጦ አየ፣ መሬት ላይ አቁሟት ስትንገዳገድ አየ።

«መርዝ ነው» አለ።

«አላልኩም?» አንጥረኛው ክብሪቱን ጨብጦ ወደ በሩ ተንደረደረ።

ሐኪሙ ግን የተቸነከረውን መስኮት፣ ከዚያ ፍሙን፣ ከዚያ ባዚቃ ተቀብቶ ፍሙ ላይ የሚጨሰውን የብር ዋንጫ አየና መንገዱን ዘጋበት።

«ድመቷን ለእኔ ይተዉልኝና፣ አባት፣ እስቲ እርስዎ እጅዎን ይዘርጉልኝ።»