ድንክ በድንክ ላይ

ተቆጣጣሪው ዕድሜውን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ጨርሶ ጡረታ ወጣ። ቅጽል ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ አሁንም "ተቆጣጣሪው" ነው የሚለው።

በጡረታው የመጀመሪያ ወራት ቤት ውሎ ሚስቱን ረዳ። ሚስቱ ቤቷ ሆና መጽሐፍ የምትጠርዝ ሴት ናት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጀርባዋ ይቆምና፣ "ሙጫው ለምን ሁለቴ ይቀባል?"፣ "ክሩ አልረዘመም?" ይላታል። ድስቶቿን በመጠን፣ ማንኪያዎቿን በዕድሜ ደረደረላት። ምስጋና አልጠበቀም፤ ደግነቱ አልመጣምም።

ከዚያ አንድ የድሮ ባልደረባው ወደ አንድ ሱቅ ወሰደው። እዚያ ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየወረወሩ፣ ጣት በሚያክሉ የፕላስቲክ ጦረኞችና ጭራቆች ይዋጋሉ። ምስሎቹ ከፋብሪካ ቀለም ተቀብተው፣ ከውጭ በማያሳይ የታሸገ ሣጥን ነው የሚመጡት፤ ውስጡ ማን እንዳለ የሚታወቀው ሲከፈት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው አንድ ሣጥን ገዛ። አበቃለት።

ዓመት ሳይሞላ ሁሉንም ዓይነት ሰበሰበ፤ ከአንዱ በቀር። ክንፋሙ ቀይ ዘንዶ አልገኝ አለ።

"ዘንዶው በተገኘ ማግስት አቆማለሁ" ብሎ ለሚስቱ ማለላት። "ከዚያ በኋላ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ።"

ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ያህል እንደምትወደው አያውቅም ነበር።

ተቆጣጣሪው ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ሣጥን በገዛበት ቀን አይከፍትም። ሣጥኑ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ይሰነብታል፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ሲጫወትና ሲከራከር ይውላል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በምላጭ ይከፍተዋል።

አንዳንድ ቅዳሜ ፈረሰኛ ይወጣል፣ አንዳንድ ቅዳሜ ጠንቋይ፤ ሁለቱም አሉት። ደሙን የሚያፈላው ግን ድንኩ ነው። መጥረቢያውን ያነሳ፣ ጥርሱን ያገጠጠ አረንጓዴ ድንክ።

"አይዞህ፣ የሚቀጥለው ይሆናል" ትለዋለች።

እሱ ድንኩን አልጋ ሥር ወዳለው የትርፍ ካርቶን ይወረውረዋል። ድንኮቹ ሲወረወሩ ይሰማል እንጂ ሲበዙ አይታይም። ሳሙና በፍሬ ሲቆጥር ለኖረ ሰው ድንክ መቁጠር ደረጃው አይደለም።

የጥራቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው።

"ፋብሪካው ተኝቷል!" አላት አንድ ቅዳሜ፣ አጉሊ መነጽሩን እያወዛወዘ። "ያለፈውም ድንክ አፍንጫው ላይ ቀለሙ ተልጦ ነበር፤ የዛሬውም እዚያው ላይ! መስመሩ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም ማለት ነው።"

"እንዳንተ ያለ ሰው ከየት ያገኛሉ?"

እውነቷን ነው፣ ብሎ አሰበ።

የዘንዶውን ጉዳይ በተመለከተ ግን ጥፋተኛውን ካወቀው ቆይቷል። ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ትንሽ ሚዛን አለው። ዘንዶ ደግሞ ከድንክ ይከብዳል። ለሠላሳ ዓመት ጉድለት ሲፈልግ ለኖረ ዓይን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፦ ባለሱቁ ከባድ ከባዱን ለወዳጆቹ ያስቀራል። ደግሞ ሲስቅ ሌባ ይመስላል። ሳይስቅም ይመስላል።

አንድ ቀን ደንበኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት አፋጠጠው።

"ስማ አንተ፣ በዚህ ሚዛን እየመዘንክ ዘንዶዬን የት አደረስከው?"

ባለሱቁ ደነገጠ። "ጋሼ፣ ሚዛኑ እኮ ክፍለ ሀገር የምልከውን ዕቃ የምመዝንበት ነው! ካላመኑኝ የገዙትን እዚሁ ይክፈቱት፤ ሁላችንም እንይ።"

"የሚከፈተው ቅዳሜ ነው።"

"ለምን?"

"ቅዳሜ ስለሆነ።"

ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ባለሱቁን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሣጥን ሁሉ አውጥቶ በሰው ፊት አንድ በአንድ መዘነና ከሁሉም የከበደውን አስታቀፈው።

"ይሄ ዘንዶ ካልሆነ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ጋሼ!"

ተቆጣጣሪው ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ቤቱ ገባ።

"እስቲ ያዢው። አይከብድም?"

"ይከብዳል" አለች ሚስቱ። ፊቷ አመድ መሰለ። ደስታ አንዳንዱን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓንት፣ ምላጭ፣ ሚስት። ማሸጊያው አልላቀቅ ብሎ አስቸገረው፤ ቀለማቸው የማይረባ ቢሆንም ሙጫቸው ምንም አይወጣለትም።

ድንክ። አፍንጫው የተላጠ።

ተቆጣጣሪው ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ትከሻው ወረደ፤ ባንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆነ።

"በቃኝ" አለ። "እንዲህ ከተጫወቱብኝ ወዲያ ለምኔ ነው? ከሰኞ ጀምሮ ቤቴ እውላለሁ። ሥራሽንም እንተጋገዛለን።"

ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ምን አልክ? አንተ ነህ ለአንድ ሌባ እጅ የምትሰጠው? ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው?" አጉሊ መነጽሩን መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት። "ከከተማው ወዲያ ማዶ ሌላ ሱቅ አለ አሉ። ሁለት አውቶቡስ ነው የሚያስይዘው። ጠዋት ወጥተህ ማታ ትመለሳለህ። ምሳህን እኔ እቋጥርልሃለሁ።"

ተቆጣጣሪው ጓንቱን አጣጥፎ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስቀመጠ። በዚያ ሁሉ የፋብሪካ ዘመን እንዲህ ያመነበት አለቃ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ምሳውን አንጠልጥሎ፣ ግንባሯን ስሞ ወጣ። በባለሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ሰላምታ አልሰጠም፤ አንዴ ብቻ እንትፍ አለ።

ሚስቱ አውቶቡሱ እስኪሰወር በመስኮት ሸኘችውና፣ በሩን ቆልፋ፣ አዲሱን ዘንዶ ከስድስት ወንድሞቹ ጎን አቆመችው።