ቫይብራፎኑ ወደ ግድግዳው

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ የባንዱ መሪ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሳክስፎኑን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ «ቫይብራፎኑ ከመድረኩ መሀል ተነስቶ ወደ ግድግዳው ይጠጋል።»

ጦርነት ማብቃቱን የሚያውጅ ሰው እንኳ እንዲህ አይኮሳተርም። ከበሮ መቺው ሲምባሉን በጣቱ አንዴ ነካ አደረገ፤ አዋጁ ጸደቀ ማለት ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ፒያኒስቷን ላለማየት ወለሉን አየ።

ብረቶቹ በዱላ እየተመቱ የሚያዜመው ቫይብራፎን የባሏ ነበር። መሪውን «ሊቀመንበር» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው፤ እሱ ከተቀበረ በኋላም ስሙ አልተሻረም። ከቀብሩ ወዲህ መሣሪያው እንደተሸፈነ መሀል ላይ ቆሞ፣ ሙዚቀኞቹ እንደ በሽተኛ አልጋ በጎኑ እየተሽሎከለኩ ሲያልፉ ከረሙ። እግራቸው ቢነካው «ይቅርታ» ይሉታል። ዛሬ ግን አስተናጋጆቹ መንገድ ዘጋብን አሉ ተባለ። አዳራሹ ውስጥ አንድም አስተናጋጅ አልነበረም፤ ወንበሮቹም ጠረጴዛ ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው።

«እህቴ፣ ቅር ይልሻል እንዴ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ምን ቅር ይለኛል፤ ዕቃ አይደል እንዴ።»

ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ከቤት ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነው የመጣችው።

ነገሩን ለማቅለል ከሁሉም ይበልጥ የተጋው ባሲስቱ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር። ብረት ብረት ነው አለ። ድሮ ጃዝ የሚጫወት ባንድ ሁሉ በቫይብራፎን ይኩራራ ነበር፣ አሁን አንድ ኪቦርድ ውስጥ መቶ መሣሪያ አብሮ ያድራል፣ ያውም ሳይጣላ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ቫይብራፎን፣ ቀጥሎ ያለውን ሲጫኑት የውሻ ጩኸት። ይህን እያወራ ሽፋኑን ገፈፈ፣ የጎማዎቹን ፍሬን ፈታ፣ እየገፋም ወሰደው። ወለሉ ስለሚያዘቀዝቅ ተመልሶ እንዳይንሸራተት ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አንድ ነገር ወተፈ፤ ሲመለስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አቧራ ባይኖረውም።

ለእሷ የደረሳት ያ የቫይብራፎን ቁልፍ ነበር። ባሏ ብቻውን ይጫወተው የነበረውን ሶሎ ከኪቦርዱ ልታወጣው እሺ ብላለች። እምቢ ብትል ሶሎው ተቆርጦ ይወጣል፤ ሶሎው ከወጣ ደግሞ ከባሏ ለዚህ ባንድ የሚተርፍ ነገር የለም፣ ከሊቀመንበሩ ቅጽል ስም በቀር። ስትጫወተው ካለቀሰችም ያው ነው፤ ሊቀመንበሩ ሰው እያለቀሰ ልምምድ አያስኬድም፣ ለእሷው አዝኖ ዜማውን ይተወዋል። ስለዚህ አታለቅስም። እነሱም እንዳታለቅስ ብለው አያለቅሱም።

ዜማውን ጀመሩት። ባሏ የሠራው ነው፣ ቀስ ያለ። ቫይብራፎን ጠባዩ ግራ ነው፤ ከበሮ እንዳይሉት ያዜማል፣ ፒያኖ እንዳይሉት ይንቀጠቀጣል። ሳክስፎኑና ከበሮው ሲኳረፉ መሀል ገብቶ የሚያስታርቃቸው እሱ ነበር። ከየብረቱ ሥር ቱቦ ተሰክቷል፤ በቱቦዎቹ አፍ ትንንሽ ክዳኖች በሞተር ይሽከረከራሉ፣ ድምፁን የሚያስተነፍሱት እነሱ ናቸው። ባሏ ሞተሩን ከሌላው ሰው ሁሉ ዝግ ያደርገው ነበር፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ትንፋሽ ያህል። ያን ትንፋሽ እሷ ከመድረክ ውጭም ታውቀዋለች።

ሶሎው ደረሰ። ቁልፉን ተጫነች፣ ተጫወተች፣ አንድም ኖታ አልሳተችም። የወጣው ድምፅ ታጥቦ እንደ ተደፋ ብርጭቆ ንጹሕ ነበር፤ ማንም ጠጥቶበት አያውቅም። ሊቀመንበሩ በቅንድቡ ግሩም አላት። ባሲስቱ ራሱን ነቀነቀ። ከበሮ መቺው ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ስላልለመደበት ጥርሱን ያመመው መሰለ። እሷም መልሳ ፈገግ አለችላቸው። እንዲህ እየተዋሹ መጨረሻው ላይ ደረሱ፤ ሳክስፎኑ ረጅሙን ኖታ ያዘ፣ ባሱ ከሥሩ ደገፈው፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አቆሙ።

ኖታው አልቆመም።

ቀጭን ሆኖ ከወዲያ በኩል ቀጠለ። መጀመሪያ ኪቦርዱን ጠረጠረች፤ እጆቿ ግን ጭኗ ላይ ናቸው። ዞር አለች። ባሲስቱ ከጎማው ሥር ወተፍኩ ብሎ ያሰበው የከበሮ መቺውን የአሸዋ ከረጢት ነው፣ የጫነው ግን የቫይብራፎኑ የእግር ፔዳል ላይ። ፔዳሉ ሲረገጥ ብረቶቹን አፍኖ የያዛቸው ወፍራም ጨርቅ ይለቃቸዋል፤ የተለቀቀ ብረት ደግሞ የራሱን ኖታ ከሌላ መሣሪያ ከሰማ፣ ማንም ሳይመታው አብሮ ያዜማል። ባሲስቱ ዕድሜውን ሁሉ ወንድሙ አጠገብ ቆሟል፤ ሲያይ የኖረው ግን እጁን ነው፣ እግሩን አይደለም።

ሊቀመንበሩ ቀጣዩን ሊያውጅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። የከበሮ መቺው ዱላዎች አየር ላይ ቀሩ። በዚህ ባንድ መጨረሻውን የሚዘጋው ሁልጊዜ ቫይብራፎኑ ነበር፤ ባሏ እግሩን ከፔዳሉ እስኪያነሳ ድረስ ማንም አይነቃነቅም፣ ማንም አይስልም። ይህን ሕግ የሻረ አዋጅ እስከዛሬ አልወጣም። እናም ዕቃ ነው ያለችውም፣ ብረት ነው ያለውም፣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረው እግሩን እስኪያነሳ ጠበቁ።

ድምፁ ሳሳ፣ እንደገና ሳሳ፣ አላልቅ አለ።

«በቃ ወንድም ጋሼ» አለ ባሲስቱ በጣም ዝግ ብሎ፣ «ልቀቀው።»

ከማን ጋር ነው የምታወራው ብሎ የጠየቀው የለም።