የድሮው ጠባሳ

ወይንሸት ሰርጓ አራት ወር ሲቀረው የተንዘረጠጠውን የሆዷን ቆዳ በቀዶ ጥገና አስወጣች። ታናሽ እህቷ ኤፍራታ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አስታመመቻት። ሐኪሙ ያዘዘውን አንድም ሳታጓድል ፈጸመች፤ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አደረገችላት፣ ከቁስሉ የሚንጠባጠበው ደም የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ደፋችላት፣ እንደ አሮጊት ጎብጣ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ደገፈቻት።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ስቃይ ለአንድ ቬሎ ነው?» አለቻት አንድ ቀን።

«ለቬሎ አይደለም» ብላ ወይንሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአሥረኛው ቀን አብረው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ስታይ ደስ አላት።

«ቆንጆ አድርጎ ድኗል። አዲሱ ጠባሳ ከፓንት ሥር ስለሚውል ማንም አያየውም። የድሮው፣ በኦፕራሲዮን የወለድሽበት፣ ከቆዳው ጋር ተቆርጦ ወጥቷል። እጮኛሽም አያውቅብሽም!»

ኤፍራታ ሳቀች። «ኧረ የኔ እህት አልወለደችም!»

«እንዴ፣ ካርዷ ላይ ተጽፏል እኮ። ይኸው፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት...» ነርሷ ቀና ስትል የወይንሸትን ፊት አየችና ካርዱን አጠፈችው።

ኤፍራታ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ባለፈው ጥር ነው።

ወይንሸት ከአልጋው ለመነሳት እጇን ዘረጋችላት። «ኤፍዬ... ነይ፣ ቤት እንነጋገራለን።»

ልጅቷ እጇን አልያዘችላትም። ፋሻው የተፈታለትን ሆድ ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ወደ ነርሷ ዞረች።

«ቆዳውን የት ጣላችሁት?» አለች።