ፀሐይ ያየው ጋቢ

የአዋሽ ዳሩን መሬት ጨው ከበላው ወዲህ ደህና አድርጎ የሚበቅለው የጨው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከብቱም የሚኖረው በሱ ነው። ሲያብብ ግን ብናኙ የሕፃናትን ደረት ይዘጋል። ስለዚህ በአበባው ወራት ማንኛውም እንግዳ ደጅ ላይ ታጥቦ፣ ልብሱን አውልቆ፣ የቤቱን ነጭ ቀሚስ ለብሶ ነው የሚገባው።

አቶ ኪሩቤልም አራስ ልጁን ሶልያናን ሊጠይቅ ሲመጣ እንደዚያው አደረገ። ጢሙን ሳይቀር በሳሙና አሸ።

«አባዬ፣ ግባ» አለችው ሶልያና።

ከፌስታል ውስጥ አዲስ ጋቢ አወጣና የልጅ ልጁን ራሱ ጠቀለላት። «የሳጥን ሽታ እንዳይከብዳት ብዬ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነው የመጣሁት» አለ፣ ደስ ብሎት።

«የት አሰጣኸው?»

«አጥሩ ላይ...»

አጥሩን ራሱ ነበር በጨው ቁጥቋጦ ያጠረው።

ሕፃኗ አስነጠሰች፤ ወዲያው ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ሶልያና ከእጁ ነጥቃት ወደ ጓዳ ሮጠች። የመተንፈሻ መሣሪያው ሲንሿሿ እየሰማ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ትንፋሿ ሲመለስ ሶልያና ወጣች። ጋቢውን በፌስታሉ ከትታ አጥብቃ ቋጠረችው።

«ሆን ብለህ አይደለም እኮ ያደረግከው፣ አባዬ» አለችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ደጅ ወጥቶ የራሱን ልብስ ሲለብስ፣ ሕፃኗን በመስኮቱ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ሊመርቃት እጁን ወደ ተዘጋው መስታወት ዘረጋ። ሳይነካው መልሶ ኪሱ ከተተው።