ሎርን ይቅርታ የጠየቀበት ቀን

"ግባ ሎርን... በረዶው ላይ አትቁም።"

በሩን የከፈተችው ኖሪን ናት። የዌንደል ሚስት።

"ስሜን እንዴት አወቀች?" ብሎ እንኳ አላሰበም። ዓይኑ ከኋላዋ ዌንደልን ይፈልግ ነበር...

ሎርን ዘጠኝ ዓመት ፕሮፌሽናል አይስ ሆኪ (የበረዶ ላይ ገና) ተጫውቷል። ያገባው ጎል አራት ብቻ ነው።

ሥራው ጎል ማግባት አልነበረማ፣ መደባደብ ነበር! የቡድኑን ኮከብ የነካ ሁሉ የሱን ቡጢ ይቀምሳል። ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ግን የጨዋታ ማቆሚያው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ አንድ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ከሜዳው አጥር ጋር አላተመ።

ልጁ ዌንደል ነበር። ግራ ዓይኑ ጠፋ... የተጫዋችነት ዘመኑም በዚያው አከተመ።

ይሄ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ ሎርን ሚስቱ ትታው ሄዳ ከእህቱ ከማርላ ጋር ይኖራል። ራሱን ሲያመው ግድግዳ ይደበድባል።

ከካናዳዋ ከተማ ከሳስካቱን ሁለት ሰዓት ነድታ ወደዚህ ቤት ያመጣችውም ማርላ ናት።

ዌንደል ከሶፋው ተነሣ።

"አወቅከኝ?" አለው ሎርን።

"አንተን እንዴት እረሳለሁ!"

"ዓይንህን ያጠፋሁት ተሳስቼ አይደለም... ፊሽካውን ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ነው የመታሁህ!"

ያ ግዙፍ ሰው ተንበርክኮ ተንሰቀሰቀ።

"ስደበኝ፣ ምታኝ... ብቻ ዝም አትበለኝ!"

ዌንደል ብብቱን ይዞ አነሣው።

"ተነሥ ወንድሜ። ይቅር ብዬሃለሁ... ከልቤ።"

ሎርን እየሮጠ መኪና ውስጥ ገባ።

"ማርላ! ይቅር አለኝ እኮ! ምነው ቀደም ብለሽ ባመጣሽኝ?"

ማርላ መሪውን ጨብጣ እንባዋን ዋጠች።

ለምን መሰላችሁ?

ሎርን እዚህ ቤት ሲመጣ ይሄ አስራ አንደኛ ጊዜው ነው...

የነዚያ ዓመታት ቡጢ ጭንቅላቱን ጎድቶታል። ይቅርታውን በሦስት ቀን ይረሳዋል። ጥፋቱን ግን አይረሳም!

መጀመሪያ ሲመጣ ዌንደል በሩን ዘግቶበት ነበር። በሁለተኛው ይቅር አለው። በሦስተኛው "ባለፈው ይቅር ብዬህ የለ እንዴ?" ሲለው...

ሎርን ራሱን ይዞ ጮኸ። "አብጃለሁ ማለት ነው?"

ከዚያ ወዲህ ዌንደል ስላለፈው ምንም አይለውም። እንደ አዲስ ይሰማዋል... እንደ አዲስ ያነሣዋል።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ሎርን ቁርሱን ገፋ አደረገና ማልቀስ ጀመረ።

"ማርላ... ዌንደል የሚባል ልጅ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቀው ልሞት ነው..."

ማርላ ኮቷን ለበሰች።

ወዳጆቼ... እኛ አንዴ ይቅር ብለን ዕድሜ ልክ ውለታ እንቆጥራለን። ዌንደል ግን ይቅርታውን የሚሰጠው ለሚረሳው ሰው ነው። ይቅርታ ማለት ምስጋናው እንደማይመጣ እያወቁ መስጠት ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ለአስራ ሁለተኛ ጊዜ በሩን ትከፍቱለት ነበር?