ሦስተኛው ዲስክ

እናኑ ልጇን ተከትላ ጋራዥ ድረስ የሄደችው ሜካኒክ ስለማታምን ነው። ፋንታሁን ከነገ ወዲያ ሰው ጭኖ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ የመኪናው የፊት ፍሬን ዲስኮች ደግሞ አልቀዋል። አሮጌውን ወልውሎ አዲስ ነው ብሎ የሚያስር ሜካኒክ ሞልቷል ሲባል ሰምታለች።

ሜካኒኩ አያ ሙሉሰው ሐሜት ስለማይወድ፣ ካወለቀው ዲስክ ላይ የመኪናውን ታርጋና ያወለቀበትን ቀን በጠመኔ ይጽፋል። አዲሶቹን ዓይኗ እያየ ከካርቶን አውጥቶ አሰረና ወደ ግድግዳው አመለከታት።

"አሮጌዎቹ እነዚያውልሽ። የጎልማሶች ትምህርት ገብተሻል አሉ፤ እስቲ አንብቢያቸው።"

እናኑ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለቱ የልጇ ታርጋ አለባቸው፤ ሰኔ 4 ይላሉ። ከጎናቸው ሦስተኛ ዲስክ ተደግፏል። ታርጋው ያው የልጇ ነው፤ ቀኑ ግን ሰኔ 6።

"አያ ሙሉሰው፣ ዛሬ ስንት ነው?"

"አራት።"

"ምነው ታዲያ ይኸ ስድስት ይላል?"

ፋንታሁን ሳቀ። "እማ፣ ቁጥሩን ገና አልለየሽውም።"

አያ ሙሉሰው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጽሑፉ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ዲስኩም አሁን ካሰራቸው ከአዲሶቹ ጋር አንድ ነው፤ ግን በሙቀት ጠቁሮ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

"እኔ አልጻፍሁትም" አለ ቀስ ብሎ።

እናኑ ዋሸኝ ብላ ዲስኩን ልታነሳ እጇን ሰደደች፤ ወዲያው ሰበሰበችው። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ በክሪክ ላይ ቆሟል። ዲስኩ ግን ይፋጃል።