የመሠረት ድንጋይና የውሃ ተራ

ሼህ ረዲ ዶማውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሳርፉት እብነ በረዱ ላይ የተቀረጸው «መርሳ ሪዞርት» ለሁለት ተሰነጠቀ። የመሠረት ድንጋዩ ከሦስት ዓመት በፊት በጭብጨባ የተተከለው የመስኖ ቦያቸው አፍ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለሀብቱ ለሪዞርቱ በወሰደው የልማት ብድር ቪኤይት መኪና ገዛበት እንጂ አንድ ብሎኬት እንኳ አልመጣም። የዕለቱ የውሃ ተራ የእሳቸው ነበር፤ ካመለጣቸው አሥራ አምስት ቀን መጠበቅ አለባቸው፣ ዘንድሮ የተከሏቸው የብርቱካን ችግኞች ደግሞ ያን ያህል አይቆዩም።

ድንጋዩን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ጥበቃ በጠመንጃው ሰደፍ ጀርባቸውን ደለቃቸው። በጉልበታቸው ወደቁ፣ ተነሡ፣ መቆፈር ቀጠሉ። ሁለተኛው ምት አፋቸው ላይ አረፈ። ጥርሳቸውን ከነደሙ ተፉና «ልጄ፣ መምታትህ ካልቀረ አፈሩን ብትመታልኝ ምናለ» አሉት። ሰደፉን እንደገና ሲያነሣ ቪኤይቷ ከች አለች። ባለሀብቱና የግንባታውን ሂደት ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣው የአበዳሪው ባንክ ባለሙያ ወረዱ። ባለሙያው ጉድጓዱን ሲያይ ፊቱ በራ። «የመሠረት ቁፋሮው ተጀመረ ማለት ነዋ» ብሎ ካሜራውን አወጣ።

ባለሀብቱ የጥበቃውን ክንድ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ጫነው። «አዎ፣ ኅብረተሰቡም እንደሚያዩት ተሳታፊ ነው። ይበርቱ እንጂ አባባ።» ሼህ ረዲ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ድንጋዩን በዶማው ፈንቅለው ገለበጡት። ታፍኖ የቆየው ውሃ ተስፈንጥሮ የባለሙያውን ጫማ ዋጠው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መዋኛ ገንዳው ነው» አለ ባለሀብቱ።

ሼህ ረዲ ጥርሳቸውን ጭቃው ውስጥ ትተው፣ ወደ ችግኞቹ የሚሮጠውን ውሃ እያነከሱ ተከተሉት።